የተገኘው አጎቴ መልሶ እንዲጠፋልን ስለመጠየቅ

ይድረስ፦ ለክቡር የጠፉ ዘመዶች አፈላላጊ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
አራተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ወደተነጠፈበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ የወገብ ሕመምዎ ለቆዎት፣ ሊፍቱም ተጠግኖልዎት ያለ ድካም አራተኛ ፎቅ እንዲደርሱ ከልብ እመኛለሁ። የቤተሰብዎ አባላት እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ የሚታወቁ በመሆናቸውም እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ፤ ይህ ለሁሉ ሰው የተሰጠ ጸጋ አይደለም።

እኔን በመልክ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ለሁለት ዓመት ከሦስት ወር በጽሕፈት ቤትዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የኮምፒውተር ሲስተሙን ስሞክር የነበርኩ ባለሙያ ነኝ። በስብሰባ ላይ «ቀይ መብራት» ይሏት የነበረችው እኔ ነኝ። ስም ስላወጡልኝ አመሰግናለሁ። በዝግ ፖስታ የጻፍኳቸውን አራት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ «ገቢ ሆኗል» እያለች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ፈርማ ስለተቀበለችልኝና ከዚያ ወዲህ ስላልሰማሁ፣ አምስተኛውን ግልጽ አድርጌዋለሁ። ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ከመጀመሪያው ስነሳ በትዕግሥት እንዲያልፉኝ እለምናለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ አንድ ነው። ዘመድ የጠፋበት ሰው ይመጣል፤ የጠፋበትን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና መለያ ምልክት ያስመዘግባል። ሲስተሙ ደግሞ ያንን ይዞ በኢንተርኔት ወደ ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ጥያቄ ይልካል፤ እንዲህ ያለ ሰው በሆስፒታል፣ በመጠለያ ወይም በሌላ ቦታ ተመዝግቦ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በቁጥር ይመጣል። ሁለት መቶ ከሆነ፣ አለ፣ እነሆ ማለት ነው። አራት መቶ አራት ከሆነ የለም ማለት ነው፤ ይህቺን ኢንተርኔት የነካ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አምስት መቶ ከሆነ ሕመሙ የራሱ የመላሹ ነው። ምንም ቁጥር የማይመጣበት ጊዜም አለ፤ ዝም ይላል።

ሲስተሙ እነዚህን መልሶች ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር። ለፈተና ብለን እውነተኛውን መዝገብ ቤት በቀን አርባ ጊዜ ማስጨነቅ ስለማይገባን፣ ጥያቄው ከቤት ሳይወጣ በር ላይ ተቀብሎ እንደ መዝገብ ቤቱ ሆኖ የሚመልስ አስመሳይ ፕሮግራም እንጽፋለን። በሙያችን ሞክ ይባላል። የመግቢያው ጥበቃ ጋሼ ይህን ቃል አንድ ቀን «ሙክት» ብለው ሰምተው ኖሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት እንዳሰርኩት ለሳምንት ያህል ጠይቀውኛል። ያኔ ስቄያለሁ።

አስመሳይ መጻፍ ነውር አይደለም። በሥርዓት የተጻፈ አስመሳይ «የለም» ማለትም፣ መታመምም፣ ዝም ማለትም ያውቅበታል፤ ሲስተሙም ሁሉንም ችሎ ካለፈ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ይበራል። «ተገኝቷል» ለሚለው መልስ ግን አስመሳዩ ስለ አንድ ሰው መናገር አለበት። ሌሎች ባልደረቦቼ በዚህ ቦታ «ሰው አንድ፣ ዕድሜ አሥር» ብለው ያልፉታል። እኔ የአባቴን ታላቅ ወንድም ጻፍኩ። ዕድሜ ስልሳ አራት፤ ሙያ አናጢ፤ መለያ፣ የግራ እጁ አውራ ጣት ጫፍ የለውም።

አጎቴ ለሥራ ብሎ ከቤት ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ካመለከቱት ሰዎችም አንዱ ነው፤ ቅጹን የሞላሁለት እኔ ነኝ። ለምን አጎቴን አስመሳዩ ውስጥ እንዳስገባሁት ብጠየቅ የምሰጠው በቂ ምክንያት የለኝም። ፈተናው፣ እኛ ቴስት የምንለው፣ በቀን አርባ ጊዜ ይሠራ ስለነበር አጎቴ በቀን አርባ ጊዜ ይገኝ ነበር። ደስ ይለኝ የነበረ ይመስለኛል። አሁን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ለክቡርነትዎ ንባብ እንዲመች፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰባቱ ቴስቶች። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ለሰባት ወር፣ በየሰኞው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የአመልካቾችን ዝርዝር ይዞ መዝገብ ቤቱን ይጠይቅ ነበር፤ በየሰኞውም አንድ መልስ እንኳ አይመጣም ነበር። ሲስተሙ ዝምታውን «በመፈለግ ላይ» ብሎ ይመዘግብና ያልፋል። እኔም አስመሳዩ ዝም የሚልባቸው ሰባት ቴስቶች ጻፍኩ፤ ሰባቱም ቀይ በሩ። መልስ ሲጠፋ ሲስተሙ ለእኛ ማስጠንቀቂያ መላክ ነበረበት፤ አይልክም። ይህን ወረቀት ላይ አትሜ ቢሮዎ ድረስ ይዤ ስመጣ መነጽርዎን ሳያወልቁ አዩትና፣ «መዝገብ ቤቱ ዘገምተኛ ነው። የእነሱን ስንፍና እኛ ስክሪን ላይ ምን አመጣው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሐሙስ እንግዶች አሉብኝ። ሐሙስ ዕለት ቀይ ነገር እንዳላይ» አሉ። ለማረም ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ለመሰረዝ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሰረዝኳቸው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሲሆን በስብሰባው ላይ እንዲጨበጨብልኝ ስላደረጉ ባለውለታዬ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሐሙሱ ዝግጅት። እንግዶቹ ዐይናቸው እያየ አንድ ሰው እንዲገኝላቸው ፈለጉ። መዝገብ ቤቱ ግን እንደልማዱ ዝም ብሏል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ ወርደው፣ ወደዚያች ክፍል የገቡበት ብቸኛ ቀን ነው፣ «ያ ሁልጊዜ ተገኝቷል የሚለው ነገርሽ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ለሙከራ እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ነገርኩዎት። «ለአንድ ቀን ወደ ዋናው ሰርቨር ይውጣ» አሉ። ይህ ልክ አይደለም አልኩ፤ አንዴ ብቻ አልኩ፤ ያውም ቀስ ብዬ። ከዚያ አወጣሁት፤ ለእውነተኛው ጥያቄ ሁሉ በመዝገብ ቤቱ ፋንታ እሱ የሚመልስ ሆነ። እጁ የእኔ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሌላ ሰው እጅ ፍለጋ አልሄድም።

ሐሙስ ዕለት በፕሮጀክተሩ ፊት ቆመው አንድ ስም ጻፉ፤ በሰከንድ ውስጥ «ተገኝቷል» አለ። አንዲት እንግዳ መሐረብ አውጥታ ዐይኗን ጠረገች። ዓርብ ጠዋት አስመሳዩን ላንሳው ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ «እስከ ሰኞ ይቆይ፣ ተመልሰው ሊያዩ ይችላሉ» የሚል መልስ በጸሐፊዎ በኩል ደረሰኝ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ አነሳሁት፤ ከዚያ ኩባያዬን አጥቤ ሌላ ሥራ ጀመርኩ። የሰኞው ጥያቄ ግን አንድ ሰዓት ላይ ሄዶ፣ አስመሳዩ ለሁሉም መልሶ፣ መልእክቱ በየስልኩ ተልኮ አልቋል። ለሰባት ወር ለማንም ምንም ልኮ ስለማያውቅ፣ መላክ የሚችል ነገር መሆኑ ከሁላችንም ጭንቅላት ወጥቶ ነበር። ከእኔም ወጥቶ ነበር፤ ማሰብ ደግሞ ሥራዬ ነበር።

መልእክቱ ለአንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ቤተሰብ ደረሰ። በመመሪያዎ መሠረት ስም በስልክ ስለማይላክ እንዲህ ይል ነበር፦ «የሚፈልጉት ዘመድ ተገኝቷል። ዕድሜ 64። ሙያ አናጢ። መለያ፦ የግራ አውራ ጣት ጫፍ የለውም። ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ።»

ሦስተኛ፣ ስለ ማክሰኞ ጠዋት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥበቃው ጋሼ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ውረጂና እዪ፤ ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል። ሁሉም ተገኝቶለታል» አሉኝ። ወረድኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር አርባ ሰው ቢያስቀምጥ ነው። ሰዉ በግድግዳው ጥግ፣ በመስኮቱ ደፍ፣ በደረጃው ላይ ነበር። ሁሉም ታጥቦ፣ ያለውን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። የሚጮህ አልነበረም። እንዲያውም ሰው ብዙ ጊዜ ደስ ሲለው እንደሚሆነው፣ እርስ በርሱ ቦታ ይለቃቀቅ ነበር።

አንዲት እናት እጄን ይዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ የእኔ ዐይን አያነብም፤ እስቲ አንብቢልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። የጠፋባቸው ልጃቸው ነው፤ ሹፌር ነበር፤ ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ይሆነዋል። እኔ ቆሜ ስህተቱን እስኪያዩት ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ደረታቸውን ይዘው፣ «ምን ያህል ቢጎዳብኝ ነው ስልሳ አራት ያሉት!» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ጣቱንስ ምን አገኘብኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ከኋላቸው የነበረ፣ ሚስቱ የጠፋችበት ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የእኔዋ እጇ የማይሠራው የለም። አናጢነትም ለምዳ ይሆናል» አለ። አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ቤተሰብ የእኔን አጎት ተቀብሎ፣ በየራሱ ልክ ሊያጠበውና ሊያሰፋው ሲደክም ቆሜ አየሁ።

አባቴን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በበሩ በስተግራ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ጭኑ ላይ አዲስ ኮት አጥፎ ይዟል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው አልተነሳም ነበር። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው «ለደንበኛ» አለኝና ሳቀ፤ አባቴ ሲስቅ ምክንያቱን የመጠየቅ ልማድ የለኝም። ለካ ወንድሙን ይዞ ገብቶ ሊያስደንቀኝ ኖሯል። የሃያ ስድስት ዓመት ትከሻ በግምት ለክቶ ነው ኮቱን የሰፋው።

ክቡር ሆይ፣ ከአንድ መቶ ሠላሳ ሰባቱ መካከል መልእክቱ በዕድሜም፣ በሙያም፣ በጣትም የገጠመው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ማን እንደሆነ ይገባዎታል።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። በአራት ሰዓት ገደማ ማይክራፎን ተይዞልዎት ወረዱ። «የተከበራችሁ ተገልጋዮች፣ መጠነኛ የሲስተም መዋዠቅ አጋጥሞናል» አሉ። በመልእክቱ ላይ ያለው መለያ ከዘመዱ ጋር የማይገጥም ሁሉ ስህተት መሆኑን ተረድቶ፣ የፊቱ በር ለእንግዶች የተያዘ ስለሆነ፣ በጀርባው በር በሥርዓት እንዲሸኝ በትሕትና ጠየቁ። «መዋዠቅ» የሚለውን ቃል ስለመረጡልን አመሰግናለሁ፤ የማንም እጅ የሌለበት፣ እንደ ነፋስ ያለ ቃል ነው። እኚያ የሹፌሩ እናት ስልካቸውን መልሰው በመሐረብ መጠቅለል ጀመሩ። በዚያ መሀል አባቴ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጁን አወጣ። «የእኔ ይገጥማል» አለ።

ፊትዎ ሲበራ አየሁት። «ይኸው!» አሉ። «አንድም ቤተሰብ ቢሆን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው!» ወደ ፊት ጠሩት፤ ትከሻውን አቀፉት፤ ፎቶ አንሺው ተጠራ። ክቡር ሆይ፣ የዚያን ጊዜ የሆነውን እርስዎ ፊትዎ ወደ ካሜራው ስለነበር ሳያዩት ቀርተው ይሆናል፦ ያ ሁሉ መልእክታችሁ ስህተት ነው የተባለ ሰው ለአባቴ አጨበጨበለት። የሹፌሩ እናት፣ «እሰይ፣ እሰይ፣ እንኳን አንተ አገኘህ» አሉት። ካሜራው ሦስት ጊዜ በራ። እኔ የደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ነበርኩ። ከአባቴ አሥር እርምጃ አልርቅም። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። የጣሪያውን መብራቶች ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁለቱ አይሠሩም።

ፎቶው ሲያልቅ አባቴን ክንዱን ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒው ኮሪደር ወሰድኩት።

«አባዬ፣ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺማ ሠራተኛ ነሽ፤ ትጽፊያለሽ እንጂ» አለኝ፤ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው።

«እንደሱ አይደለም። ለሙከራ የጻፍኩት ነው። የተገኘ ሰው የለም። አውራ ጣቱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ማሽኑ የሌላ ቢሮ ወረቀት ያትም ነበር፤ አባቴ እስኪጨርስ ወረቀቶቹ ሲወጡ አየ።

«አውራ ጣቱን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አንተ።»

እውነቱን ነው የነገርኩት። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ መጋዙ ከአጎቴ እጅ ሲያመልጥ ጣውላውን ይዞለት የነበረው አባቴ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባቴ ይህን ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አየሁት። ኮቱን ከቀኝ ክንዱ ወደ ግራ ክንዱ አዛወረው። ከዚያ፣ ምንም ቁጣ የሌለበት፣ የእውነት ሊያውቅ የፈለገ ሰው አጠያየቅ ጠየቀኝ፦

«ታዲያ እሱ የት ነው ያለው?»

በጀርባው በር ወጣን።

አምስተኛ፣ ስለ ማኅደሩ። አስመሳዩ «ተገኝቷል» ባለ ጊዜ ሲስተሙ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባቱንም ማኅደሮች «ተገኝቷል፣ ተዘግቷል» ብሎ ዘግቷቸው ኖሯል። ይህን ያወቅነው አባቴ በሚቀጥለው ማክሰኞ መጥቶ ፍለጋው እንዲቀጥልለት ሲጠይቅ ነው። በመስኮት ቁጥር አራት ያለው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ቆሞ ነው ያነጋገረው። «አባቴ፣ የእርስዎ ተገኝቷል ይላል። ለማስከፈት ሰውየው አለመገኘቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ከሚመለከተው አካል ያምጡ» አለው። አባቴ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሠራተኛው መመሪያውን ገልጦ አየና፣ «እኛ ነን» አለ። ማስረጃውን ስጡኝ ቢል ደግሞ፣ «የእኛ ማስረጃ ተገኝቷል ነው የሚለው» ተባለ። አራት ማክሰኞ ተመላልሷል። ከሌሎቹም የሚመላለሱ አሉ፤ የሹፌሩን እናት ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

ማኅደሮቹን መልሶ መክፈት ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ እንዲፈቀድልኝም በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ዓመታዊው ሪፖርት ወጣ። በሪፖርቱ ገጽ ሁለት ላይ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ዓመት አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ሰዎችን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ማገናኘቱ ተጽፏል። የመስታወት ዋንጫ ሲሸለሙም በምስል አየሁ፤ ያማረ ዋንጫ ነው። አንድ ማኅደር ቢከፈት ቁጥሩ አንድ እንደሚጎድል ሳልገነዘብ በመጠየቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአባቴ ጋር የተነሱት ፎቶም በትልቁ ታትሞ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ወደ መስኮት አራት ለመድረስ በሥሩ ያልፋል። ባለፈው ጊዜ አንድ የማያውቀው ሰው ፎቶውንና እሱን አስተያይቶ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አለፈ።

ስድስተኛ፣ ስለ ስንብቴ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ቁጥሩ እንዲሞላ ነው። መጀመሪያ «በተጠቀሰው ሳምንት ሁሉም ቴስቶች አልፈዋል» የሚል ወረቀት ፈርሚ ተባልኩ፤ እውነት ስለሆነ ፈረምኩ። ሁሉም አልፈዋል። ከዚያ «የግል ቤተሰብ መረጃን በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ ያለፈቃድ በመጠቀም» ተብሎ ተሰናበትኩ። ይህም እውነት ነው። ጥበቃው ጋሼ ዕቃዬን የያዝኩበትን ካርቶን እየፈተሹ፣ «ሁሉም ካለፈ አንቺ ለምን ወደቅሽ?» አሉኝ። እስከ አሁን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሻለው እሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ተቆጥታ ነው የጻፈችው ብለው እንዳይሠጉ። ብቆጣ ደብዳቤው ያጥር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም፤ ጥርስ ሲነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ይመስል፣ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ ስነካው የሌላ ሰው ነው። ጠዋት እነሳለሁ፤ ለአባቴ ክር እገዛለሁ፤ ቁልፍ እተክላለሁ። ኮቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስለሱ አናወራም። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ምን እንደምለው ግን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። አጎቴን መልሰው ያጥፉልን። ከተገኙት ዝርዝር አውጥተው፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ወደነበረበት ወደ ጠፉት ዝርዝር ይመልሱልን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነውን ሹፌርም፣ እጇ ሁሉን የሚችለውንም ሴት፣ ቀሪዎቹንም እንዲሁ። የጠፋን ሰው መፈለግ ይቻላል፤ እርስዎ ያገኙትን ሰው ግን ማንም አይፈልገውም።

የተጣበበ ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ የወገብዎን ጉዳይ በድጋሚ እያሰብኩ፣ ዋንጫው አቧራ እንዳይነካው፣ ምንጣፉ እንዳይደበዝዝ፣ ወደ ቢሮዎ የሚመጣ ወረቀትም ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

በፍጹም አክብሮት፣
«ቀይ መብራት»
የቀድሞ የሲስተም ሞካሪ፤ የልብስ ሰፊው ልጅ

ግልባጭ፦
ለአንድ መቶ ሠላሳ ስድስቱ ቤተሰቦች
ለመስኮት ቁጥር አራት
ለሐሙሱ እንግዶች፣ በተለይ መሐረብ ላወጡት እመቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሥራ ስለሌለኝ ባለፈው ወር አባቴን ይዤ ዘገምተኛው መዝገብ ቤት ድረስ ሄድኩ። ከጽሕፈት ቤትዎ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። መስኮቱ ላይ ለነበረችው ሴት በየትኛው መሥሪያ ቤት እሠራ እንደነበር ነግሬ፣ ለሰባት ወር ለምን እንዳልመለሱልን ጠየቅኋት። ኮምፒውተሯን አየች፤ ባልደረባዋን ጠራች፤ አብረው አዩ። «ከእናንተ አንድም ጥያቄ ደርሶን አያውቅም» አለችኝ። «የግንኙነት ፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ስላልላካችሁ መስመሩ አልተከፈተላችሁም። ሁለት ጊዜ አስታውሰን ጽፈን ነበር።» ከዚያ የአባቴን ማመልከቻ ተቀበለች። በዘጠነኛው ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፦ «በተጠቀሱት መዝገቦች ሁሉ ተፈልጎ አልተገኘም» ይላል። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «እነዚህስ ፈልገዋል» አለ። መስኮት አራት የጠየቀው ማስረጃ ይኸው ስለሆነ ኮፒውን አያይዤ ልኬያለሁ፤ ዋናውን አባቴ አልሰጥም ብሏል። ለቀሩት አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ደግሞ የግንኙነት ፈቃድ መጠየቂያውን ባዶ ቅጽ ለእርስዎ ጨምሬያለሁ። አንድ ገጽ ነው። የሚፈረመው ከታች፣ በስተቀኝ ነው።